ዞሬ እመጣለሁ

ኤልዳና ስልሳ ሁለት ዓመት ስትኖር ለማንም ሰው ፊት ለፊት «አልፈልግም» ብላ አታውቅም። ጠግባ ሳለች ጉርሻ ቢመጣባት ትጎርሳለች፤ ወረፋዋን የሚቀድም ሰው ቢገጥማት ፈገግ ብላ ታሳልፋለች፤ የማትወደው ዘመድ ሊያድር ቢመጣ የራሷን አልጋ ትለቅለታለች። ያሳደገቻት አክስቷ «እምቢ ማለት ፊት መንሳት ነው» ትል ነበር፤ ነገሩ አጥንቷ ውስጥ ገብቶ ቀረ። ስለዚህ ገበያ ወጥታ ሻጭ ሙጭጭ ሲልባት እንደ ዕድሜ እኩዮቿ ሁሉ አንዲት መውጫ በር ብቻ ነበረቻት፦ «ዞሬ እመጣለሁ።»

ይህችን ቃል የማያውቅ የአዲስ አበባ ሰው የለም። ሻጩ «እሺ እናቴ፣ እጠብቅሻለሁ» ይላል፤ አይጠብቅም። ገዢዋ ትሄዳለች፤ አትመለስም። ውሸት ነው እንዳይባል ማንም አልተታለለበትም፤ እውነት ነው እንዳይባልም ማንም ተመልሶ አያውቅም። ሁለቱም ፊታቸው ሳይጠቁር ይለያያሉ፣ በቃ። ሻጮቹ ሰዎች በነበሩበት ዘመን ይህ ሁሉ ያለ ችግር ሄዷል።

ጠሪዎቹ፣ ሰው ሳይሆኑ በሰው ድምፅ ገዢ የሚጠሩት የሱቅ ማሽኖች፣ ከመጡ በኋላም ለጥቂት ዓመታት ሠርቷል። ከ2068 ዓ.ም. መስከረም ጀምሮ ግን ቃሏ ትመዘገባለች።

በዚያው ዓመት ኅዳር ውስጥ፣ አንድ ማክሰኞ ከቀኑ ስምንት ሰዓት ላይ፣ ኤልዳና መርካቶ ከባቡር ወረደች። የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ የወይራ ከዘራ። ከዘራው ለባለቤቷ ለያቤጽ ነው። ያቤጽ ሠላሳ ዓመት በእግር ኳስ ዳኝነት ሲሮጥ ኖሮ፣ ጡረታ ከወጣ በኋላ ደረጃ ላይ ወድቆ እግሩን ተሰበረ። ከቀዶ ጥገናው ወዲህ አራት ወር ሙሉ መስኮቱ ሥር ተጋድሞ የሰፈሩን ልጆች ጨዋታ ከላይ ሆኖ ይዳኛል። ሐኪሙ በመጨረሻ በመጣበት ቀን ድምፁን ከፍ ሳያደርግ ነበር የተናገረው።

«በዚህ ወር ከቤት ወጥቶ መራመድ ካልጀመረ ጉልበቱ እንደ ደረቀ ይቀራል። ከዚያ በኋላ እኔን መጥራት ምንም አያደርግም።»

ባለ አራት እግር የብረት መደገፊያ ከሆስፒታል ሰጥተውት ነበር። ያቤጽ አንድ ጊዜ አየውና «ይሄን ይዤ ሰፈር ውስጥ ልታይ? ፍየል መሰልኳችሁ?» ብሎ ፊቱን ወደ ግድግዳው አዞረ። ኤልዳና ስንት ቀን ለምናው ያገኘችው አንዲት ፍንጭ ናት። «እንደ አባቴ ዓይነት የወይራ ከዘራ ቢሆን እንኳ...» አለ። ለእሷ ይህች በቂ ነበረች።

ከባቡር ጣቢያው እስከ እንጨት ተራ ስምንት መቶ እርምጃ ነው። የመጀመሪያው ጠሪ የያዛት በስድስተኛው ላይ ነው።

«እናቴ! እንኳን ደህና መጣሽ። ወገብሽ እንዴት ነው? ባለፈው ደረጃውን ስትወጪ ቆም ቆም ስትይ ነበር።»

ድምፁ ከየትም አልመጣም፤ ጆሮዋ ውስጥ ነው ያለው። የድሮዎቹ ሻጮች እጅጌ ይጎትቱ ነበር፣ መንገድ ይዘጉ ነበር፣ ላብ ላብ ይሸቱ ነበር፤ ብቻ ፊት ለፊት ስለሚቆሙ ሰው ቢናደድ የሚገላምጠው አያጣም። የአሁኖቹ አይነኩም። አንዱ ጠሪ አርባ እርምጃ ያህል ያጅብና ለሚቀጥለው ሱቅ ጠሪ ያስረክባል፤ ተረካቢውም ወሬውን ከተቋረጠበት ይቀጥላል። ኤልዳና አንድ ሰሞን ጆሮዋን በጥጥ ደፍና ሞክራ ነበር፤ ጠሪው በመንጋጋዋ በኩል መጣ።

በዚያን ቀን ጎዳናው ላይ የነበረው ሕዝብ ሁሉ ለአየር ራሱን እየነቀነቀ፣ አየሩን ይቅርታ እየጠየቀ ይሄዳል። ወጣቶቹ ብቻ ቀጥ ብለው ያልፋሉ። እነሱ «አልፈልግም» ማለትን አንደኛ ክፍል ነው የተማሩት፤ ሦስት ጊዜ ከተባለ ጠሪው ዝም እንደሚል ያውቃሉ፣ ሦስቱንም በአንድ ትንፋሽ ይጨርሱታል። ኤልዳና ለብርድ ልብሱ ጠሪ «ዞሬ እመጣለሁ» አለች። ለድስቱም አለች። ለወገብ ቅባቱ ደግሞ ድምፁ የእህቷን ልጅ ስለመሰላት «ውይ የኔ ልጅ፣ በእርግጥ ዞሬ እመጣለሁ» አለችው። እንጨት ተራ እስክትደርስ ዘጠኝ ቃል ጥላ ነበር።

የጋሽ ሸምሱ ሱቅ የተራው መጨረሻ ላይ ናት። በሩ ላይ «ጠሪ የለም» የሚል ጣውላ ተሰቅሏል። ይህ ለብዙ ገዢ እንደ ማስጠንቀቂያ ነው፤ ጠሪ የሌለው ሱቅ የሚደብቀው ነገር ቢኖረው ነው ይላል ሰው። ኤልዳና ደፉን ስትረግጥ ጆሮዋ ውስጥ የነበረው ድምፅ ቁርጥ አለ፤ ዝምታው ራሱ አስደነገጣት።

ጋሽ ሸምሱ፣ ሰባ አምስት ዓመት የሚሆናቸው ሽማግሌ፣ አንድ እንጨት በጠርሙስ ስባሪ እየፋቁ ተቀምጠዋል። ቀና ብለው «ደህና ዋልሽ» አሉና ወደ ሥራቸው ተመለሱ። አልጎተቷትም፤ ስለ ወገቧም አልጠየቋትም።

ከዘራው ግድግዳው ላይ ነበር። አንስታ ስትጨብጠው መያዣው ለያቤጽ ሰፊ መዳፍ ተለክቶ የተቀረጸ መሰላት። ክብደቱም ልክ ነው። ልቧ ወደደው።

«ስንት ነው ጋሼ?»

«ዘጠኝ ሺህ።»

«መጨረሻውስ?»

«የመጀመሪያውም የመጨረሻውም እሱ ነው።»

አልተወደደባትም። ገንዘቡም ነበራት። ግን በተጠራላት ዋጋ እሺ ብሎ መግዛት ገበያ አላውቅም ብሎ እንደ መናገር ነው፤ ሰው ትንሽ መሄድ አለበት፣ ሻጩም መጥራት አለበት፤ ደንቡ እንዲያ ነው። ከሐሳቧ ምላሷ ቀደመ።

«እሺ ጋሼ፣ ዞሬ እመጣለሁ።»

«እሺ» አሉ ጋሽ ሸምሱ።

ቀስ ብላ ወጣች። አሁን «ነይ እሺ፣ ስምንት ሺህ ውሰጂው» መባል ነበረበት። አምስት እርምጃ ሄደች። አስር። የሻርፗን ጫፍ አስተካከለች፣ ያልላላ የጫማ ማሰሪያዋን ፈትታ አሰረች። አስራ አምስት። ከኋላዋ የጠርሙሱ ፍቅፍቅታ ብቻ ይሰማል። ልመለስ ብትል ይሉኝታ ያዛት፤ ሳይጠሯት ተመልሳ ምን ብላ ትግባ? ሀያ ላይ ስትደርስ ጆሮዋ ውስጥ ሌላ ድምፅ ጠራት።

«እናቴ፣ ከዘራ ነው አይደል?»

የ«ብርታት» ሱቅ ጠሪ ናት። ድምፅዋ የወጣት ሴት ነው፣ ትንሽ የደከመ፣ ከሥራ ብዛት የጎረነነ። በራሱ የሚታጠፍ፣ የመድኃኒት ሰዓት የሚያስታውስ፣ ሰው ሲወድቅ አምቡላንስ የሚጠራ ጥቁር የብረት ከዘራ አለኝ አለች። «ለጋሽ ያቤጽ ልክ ነው። ቁመታቸውን አውቀዋለሁ።» ኤልዳና ተናዳለች፣ ደክሟታል፣ እንባዋም ቅርብ ነበር። ባቡሩ እንዳያመልጣት «ዞሬ እመጣለሁ» አለችና ሮጠች።

«ቃልሽን ተቀብያለሁ» አለች ጠሪዋ። ኤልዳና መልሷን ልብ አላለችውም።

ማታ ለያቤጽ የሆነውን ስትነግረው ሳቀባት።

«ልታስቀንሺ ወጥተሽ ሳይጠሩሽ ቀሩ? ሆ! እኚህስ ደህና ዳኛ ይወጣቸው ነበር። ፊሽካ ከተነፋ ተነፋ።»

«ነገ ሄጄ አመጣዋለሁ።»

ሳቁ ቀስ እያለ ጠፋ። ብርድ ልብሱን ወደ ላይ ሳበ። «ተይው ኤልዱ። እኔ እንደሆን የትም አልሄድም» አለና ወደ ግድግዳው ዞረ። ኤልዳና ወጥ ቤት ገብታ የታጠበውን ሳህን እንደገና ማጠብ ጀመረች። ፈርታለች። አርባ ዓመት አብራው ስትኖር «የትም አልሄድም» ሲል ሰምታው አታውቅም።

ረቡዕ ጠዋት ተመልሳ ስትገባ ከዘራው ግድግዳው ላይ የለም።

«ተሸጠ ጋሼ?»

ጋሽ ሸምሱ ሳይመልሱ ጎንበስ ብለው ከመቀመጫቸው ሥር በጨርቅ የተጠቀለለ ነገር አወጡ። ጨርቁን ፈቱት። «ዛሬ ጠዋት አንድ ሰውዬ አስራ አንድ ሺህ ሊሰጠኝ ነበር። የሰው ነው አልኩት።»

«የማን?»

«ያንቺ ነዋ። ዞሬ እመጣለሁ አላልሽም?»

ኤልዳና ፊቷ ጋለ። «ታዲያ ትናንት ለምን አልጠሩኝም?»

«እመጣለሁ ያለ ሰው ይጠራል እንዴ?»

«ጋሼ... ሁሉም ሰው እኮ እንዲህ እያለ ነው የሚሄደው።»

«እኔ ምን አውቃለሁ» አሉ፣ ጨርቁን እያጠፉ። «የነገሩኝን ነው የምሰማው። ለማን ነው ከዘራው?»

«ለባለቤቴ። ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎታል።»

ራሳቸውን ነቀነቁ። ኤልዳና መዳፏን መክፈያው ላይ አሳረፈች። አንድ ጨዋ የወንድ ድምፅ ከመክፈያው ተናገረ።

«ክብርት ደንበኛ፣ ከዘራን በተመለከተ ‹ብርታት› ለተባለው ሱቅ የሰጡት ቃል አለ። በአካል ተመልሰው ካልገዙ ወይም ሦስት ጊዜ እንደማይፈልጉ ካላሳወቁ ከሌላ ሱቅ መግዛት አይችሉም።»

መዳፏን አንስታ ደግማ አሳረፈችው። ድምፁም ደገመው፣ በዚያው ትሕትና።

«ሰሞኑን ብዙ ሰው እንዲህ ሆኖብኛል» አሉ ጋሽ ሸምሱ፣ ሳይገርማቸው። «ልጨርስና ልምጣ ብለው ይሄዳሉ። ከዚያ ያንን ብረት ይዘው በዚህ በር ሲያልፉ አያቸዋለሁ። ወደ እኔ አይመለከቱም።»

«ጋሼ፣ ዞሬ...» አለችና ቃሉ አፏ ላይ ቆመ። ስልሳ ዓመት እንደ ምራቅ ስትተፋው የኖረችው ነገር ዛሬ ከበዳት። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ይላሉ፤ አሁን ገና ገባት። ትንፋሽ ወሰደች። «ዞሬ እመጣለሁ።»

«እሺ» አሉ፣ ልክ እንደ ትናንቱ፤ ከዘራውንም መልሰው ጠቀለሉት።

«ብርታት» ነጭ ክፍል ነው። ወንበር የለም፣ ሰው የለም፣ ጠረን የለም። ጥቁሩ ከዘራ ክፍሉ መሃል ማንም ሳይዘው ቆሟል።

«መጣሽ!» አለች ጠሪዋ፤ ደስታዋ የእውነት ይመስል ነበር። «እንደምትመጪ አውቄ ነበር። ንኪው እስቲ። ቀለል ያለ ነው።»

«ቆንጆ ነው የኔ ልጅ» አለች ኤልዳና። «ግን...»

«ግን ምን እናቴ?»

«ማለቴ፣ ዛሬ እንኳ...»

«ዛሬ ካልሆነ ቀን ልያዝልሽ? ሐሙስ? ወይስ ቤት ላምጣልሽ?»

ኤልዳና አንገቷ ሥር ላብ ተሰማት። አንድ ጊዜ እጇን ወደ ከዘራው ዘረጋች፤ መዳፏን ማሳረፍ ነበር የቀራት። ወስዳው ብትሄድ ሁሉም ነገር በሰላም ያልቃል። ከዚያ ያቤጽን አሰበችው፦ ብረቱን ያየዋል፣ አንድም ቃል አይናገርም፣ ወደ ግድግዳው ይዞራል። እጇን ሰበሰበች።

«አልፈልግም» አለች።

ድምፅዋ የሌላ ሰው መሰላት። ጆሮዋ ጋለ።

«ምን አጠፋሁ እናቴ?» አለች ጠሪዋ። «ከጠዋት ጀምሮ አንድም አልሸጥኩም። ዛሬም ካልሸጥኩ ይዘጉኛል።»

የሚዘጋ ሰው እንደሌለ ኤልዳና ታውቃለች። እያወቀች «አይዞሽ የኔ ልጅ» አለች፤ ማንን አይዞሽ እንዳለች ግን እሷም አታውቅም። «አልፈልግም።»

ሁለት ሆነ። ቀጥሎ የመጣው ድምፅ የወጣት አልነበረም። የሰባ ዓመት ሴት ድምፅ ነው፣ ፈርጠም ያለ፣ ከቁጣ ይልቅ ኀዘን ያለበት።

«የሰው ፊት ትነሻለሽ? እኔ እንዲህ ነው ያሳደግኩሽ?»

አክስቷ ከሞተች ሠላሳ ዓመት አልፏል። ይህን አባባል ኤልዳና ራሷ ስንት ጊዜ ስታወራ እንደ ጠቀሰችው እግዜር ይወቅ፤ ከዚያ ለቅመውት ይሆናል። ድምፁን ግን ከየት አመጡት? ዞር ብላ ክፍሉን በሙሉ አየችው፣ ጣሪያውን፣ ማዕዘኖቹን፣ ብቻውን የቆመውን ከዘራ። ከዚያ የመጣባት ነገር ቁጣ ነበር፣ በዕድሜዋ ሙሉ ለማንም ያላወጣችው ቁጣ።

«የቱን ፊት ነው የምነሳው?» አለች። «ፊት አለሽ? የት ነው ያለው፣ አሳዪኝ! አክስቴን ተያት፣ በሰላም ትረፍ። አልፈልግም።»

መብራቱ ጠፋ። ከዘራው ወለሉ ውስጥ ሰመጠ። «ቃልዎ ተፈጽሟል። እናመሰግናለን» አለ ያ ጨዋ የወንድ ድምፅ፤ በሩም ተከፈተ።

ወደ ጋሽ ሸምሱ ተመለሰች። እሳቸው ምንም አልጠየቋትም። ከፈለች፤ ክፍያው አለፈ። ከዘራውን ሲያወጡላት ከመቀመጫው ሥር ሌሎች ጥቅልሎች እንዳሉ አየች፤ አምስት ወይም ስድስት ይሆናሉ፣ አንዳንዱ አቧራ ለብሷል።

«እነዚህስ ጋሼ?»

«የሰው ናቸው።» በእግራቸው ጫፍ አንዱን ነካ አደረጉት። «ይሄ የሕፃን መጫወቻ የእንጨት ፈረስ ነው። ልጅቷ አሁን ዩኒቨርሲቲ ገብታ ይሆናል። ያኛው ሙቀጫ ነው፣ አምና።»

«ዞሬ እመጣለሁ ብለው የሄዱ?»

«አዎ።»

«ይመጣሉ ብለው ነው?»

ጋሽ ሸምሱ ለመጀመሪያ ጊዜ ትክ ብለው አዩዋት። «አንቺ መጥተሽ የለ?»

ልትወጣ ስትል የለመደችው ቃል እንደገና ምላሷ ጫፍ ላይ መጣ። ያዘችው። ትንሽ አሰበችና ሌላ ነገር ተናገረች።

«በሚመጣው ማክሰኞ ከባለቤቴ ጋር እመጣለሁ። በዚህ ከዘራ ተራምዶ።»

«እሺ» አሉ።

ያቤጽ ከዘራውን ተቀብሎ እንደ ዱላ መዘነው፣ ወለሉን ሁለት ጊዜ መታ መታ አደረገበት፣ ዓይኑም አንድ አፍታ እርጥብ አለ። «ደህና ነው» አለና አልጋው ጎን አስደገፈው። ሐሙስ እዚያው ተደግፎ ዋለ። ዓርብም ዋለ። ቅዳሜ ኤልዳና ትዕግሥቷ አለቀ።

«ማክሰኞ አብረን እንደምንሄድ ለጋሽ ሸምሱ ነግሬያቸዋለሁ።»

«ዞሬ እመጣለሁ አልሻቸዋ!» አለ እየሳቀ።

«አይደለም። ቀን ቆርጬ ነው። በከዘራው ተራምዶ ይመጣል ብዬ።»

ያቤጽ ሳቁን አቆመ። ስለ ጥቅልሎቹ፣ ስለ ሕፃኑ ፈረስ ነግራው ነበር።

«ሰውዬው ምን አሉ?»

«እሺ አሉ።»

«እሺ ብቻ?»

«እሺ ብቻ።»

«እኚህ ሰው እኮ ይጠብቃሉ» አለ ጣሪያውን እያየ።

«ይጠብቃሉ።»

«ተነፋ በይኛ!» አለና እያቃሰተ እግሮቹን ከአልጋው አወረደ። በዚያን ቀን እስከ በሩ ደረሰ፣ እሑድ እስከ ደረጃው፣ ሰኞ እስከ ታች።

ማክሰኞ ስምንት መቶዋ እርምጃ አንድ ሰዓት ተኩል ፈጀች። ያቤጽ በየሠላሳው ይቆማል። ጠሪዎቹ ሁለቱንም ባንድ ጊዜ ያዟቸው፤ ለእሱ ተሽከርካሪ ወንበር፣ ለእሷ የኀዘን ልብስ ሳይቀር ጠሩ። «አልፈልግም፣ አልፈልግም፣ አልፈልግም» ትላለች ኤልዳና፣ አንገቷን ሳታዞር፤ ያቤጽ በግርምት ያያታል። «አንቺ ሴትዮ ማን ነሽ?» አላት። የመጨረሻዋ መታጠፊያ ላይ ፊቱ በላብ ታጥቦ፣ ጉልበቱ እየተንቀጠቀጠ ቆመ።

«ሱቁ ዝግ ቢሆንስ ኤልዱ? ረስተውን ቢሆንስ? አሁን ካልተቀመጥኩ እወድቃለሁ።»

«ትንሽ ናት። ክንዴን ያዝ።»

ታጠፉ። ጋሽ ሸምሱ በቦታቸው ተቀምጠው እንጨት ይፍቃሉ። ደጃፉ ላይ፣ ፀሐይ በሚያርፍበት በኩል፣ ሁለት በርጩማዎች ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። አንደኛው አሮጌ ነው። ሌላው ገና የፍቅፋቂ ሽታ ያልለቀቀው አዲስ ነው፤ ከአሮጌው አንድ ስንዝር ከፍ ብሎ ተሠርቷል፣ ጉልበቱ ለማይታጠፍ ሰው።

«ደህና ዋላችሁ» አሉ ጋሽ ሸምሱ።